የአፍንጫ ጎማ ወይስ የጅራት ጎማ?

ጋራዤ ውስጥ ከኪት (በየተራ እየታዘዘ በቤት ከሚገጣጠም የክፍሎች ስብስብ) የምሠራው ባለ ሁለት መቀመጫ አርቪ-7 አውሮፕላን ጅራቱና ክንፎቹ አልቀው ዋናውን አካል ለማዘዝ ቅጹን ስሞላ፣ አንድ ጥያቄ ሦስት ሳምንት ያህል አቆየኝ፤ ሦስተኛው ጎማ ከአፍንጫው ሥር ይሁን ወይስ ከጅራቱ? ከሞዴሉ ስም ቀጥሎ «ኤ» ካለ ጎማው ከአፍንጫው ሥር ነው፤ ከሌለ ከጅራቱ። በአሜሪካ ባለ ጅራት ጎማ አውሮፕላን በአብራሪነት ለመምራት የተለየ ሥልጠናና የአስተማሪ ፊርማ ስለሚያስፈልግ ገዢው ያንሳል፤ ስለዚህም በአውሮፕላን ማረፊያው የማውቃቸው ሰዎች «ነገ ልትሸጠው ብትፈልግስ?» ይሉኛል።

ጥያቄያቸው ከንቱ አይደለም። ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን በ1973 እ.ኤ.አ. ባቋቋመው፣ የአርቪ ኪቶችን በሚሸጠው በኦሪገኑ ቫንስ ኤርክራፍት ንድፍ ተሠርተው የበረሩት አውሮፕላኖች ከ10 ሺህ በላይ በመሆናቸው፣ አርቪ የሚገዛ ሰው ምን እንደሚገዛ ያውቃል፤ በጥንቃቄ የተሠራና መዝገቡ የተሟላ ከሆነም ለኪቱና ለሞተሩ ከወጣው ገንዘብ ብዙውን ሊመልስ ይችላል። የማይመለሰው ድካሙ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰዓት ሠርቶ የሰዓቱን ደመወዝ ከገዢ የሚጠብቅ ሰው ቢኖር፣ ያንኑ ጊዜ ሌላ ሥራ ሠርቶበት ያለቀ አውሮፕላን ቢገዛ ይሻለዋል እላለሁ።

ሕጉም ቢሆን ለንግድ አላሰበውም። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እንዲህ ያለውን አውሮፕላን የሚቀበለው፣ አብዛኛውን ክፍል የሠሩት ሰዎች ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብቻ ብለው የሠሩት ሲሆን ነው። ሥራው ሲያልቅ ዋናው ሠሪ የጥገና ምስክር ወረቀት ጠይቆ የየዓመቱን ምርመራ ራሱ አካሂዶ መፈረም ይችላል። አውሮፕላኑ ሲሸጥ ግን ወረቀቱ ለገዢው አይተላለፍም፤ ገዢው ለዚያው ምርመራ የራሱ ፈቃድ ከሌለው፣ ፈቃድ ያለው መካኒክ መፈለግ አለበት። ይህ ድንጋጌ ትክክል ይመስለኛል፤ የእያንዳንዱን ሪቬት (ቆርቆሮዎቹን የሚያያይዝ ትንሽ የብረት ምስማር) ታሪክ የሚያውቀው የመታው ሰው ነውና።

ባለፈው ጥር የግራውን ክንፍ የታችኛውን ቆርቆሮ ስንገጥም፣ የ14 ዓመት ልጄ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ወደ ውስጥ አስገብታ መደገፊያውን ብረት ትይዝልኝ ነበር፤ እኔ ከውጭ በአየር መዶሻው እመታለሁ። በመካከል ድምፁ ተለየባትና «አባዬ፣ ይቺ ተጣማለች» አለችኝ። በትንሿ መስታወት ስናይ እውነትም የሪቬቷ ጭራ ወደ ጎን ተኝቷል፤ ሰርስረን አውጥተን በሌላ ተካናት። ከዚያ ወዲህ መስታወቱን ሳላነሳ በፊት ትነግረኛለች።

መዝገቡንና ፎቶግራፎቹን ለቀጣዩ ባለቤትም ደኅንነት ብዬ በሚገባ እይዛለሁ። በረራ የተማርኩት ግን በጅራት ጎማ ነው፤ ሣር ሜዳ ላይ በሦስቱም ጎማ በአንድ ጊዜ ማረፍን የሚያህል ደስታ አላውቅም። ሐሙስ ማታ «ኤ» የሌለበትን መርጬ ቅጹን ላክሁ።