ጎመን በጤና

ከቀትር ጀምሮ ሲያካፋ ዋለ። አመሻሹ ላይ ከጎረቤት በኩል የጎመን ሽታ መጣ፤ ነጭ ሽንኩርት በዛ ያለበት። ደብተሩን የከፈትኩት ከሥራ ስመለስ ተጭኖኝ ስለመጣው ድብርት ልጽፍ ነበር። አሁን ሐሳቤ ሁሉ ጎመኑ ላይ ነው።

«ጎመን በጤና» እየተባልን ነው ያደግነው። እማዬ ዶሮ ባልተገዛበት በዓል ሁሉ ትለው ነበር፤ እውነቷንም ነበር። ለካ አባባሉ የቆመው ሁለት ነገር አምኖ ነው። አንደኛ፣ ሁሉም ቢታጣ ጎመን አይታጣም። ሁለተኛ፣ ጎመን የበላ ሰው አይታመምም።

ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄጄ ነበር። ግፊቷ አሁንም አልወረደም። ሐኪሟ ደግ ልጅ ናት፣ ሳትቸኩል አስረዳቻት። «ጨው ይቀንሱ እናቴ፣ የሚረጋውን ዘይት ይተዉ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ያዘውትሩ።» እማዬ «እሺ ልጄ፣ እሺ» አለች። ከግቢው እንደወጣን ግን ቆም ብላ «ታዲያ በምን ልሥራው?» አለችኝ። ከሸማቾች ሱቅ ተሰልፋ የምታገኘው ያንኑ የሚረጋውን ነው። ፈሳሹን ዘይት ልገዛላት አስቤ ዋጋውን ጠይቄ ተመልሻለሁ። ፍራፍሬውንማ ሁለታችንም አላነሳነውም።

አትክልት ተራ ፒያሳ ሳለ በእግሯ ነበር የምትወርደው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነጋዴዎቹ የተጨፈለቀውን ቲማቲምና የጠወለገውን ቆስጣ ሳያድር በርካሽ ይለቁታል። እሷም ዘንቢሏን ሞልታ ትመጣና የተበላሸውን እየቆረጠች ትጥላለች። እኔና እህቶቼ በዚያ ነው ያደግነው። በ2012 ኮሮና ሲመጣ ገበያው ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። በዚያ ጭቃና ግፊያ መነሳቱን አልቃወምም። ግን እሷ እዚያ ድረስ ሄዳ ብትገዛ በዋጋው ያተረፈችውን ለታክሲ ትከፍለዋለች፤ ጉልበቷም ቢሆን ዘንቢል ይዞ መሳፈርን አልቻለም። የእሁድ ገበያው ደህና ነው፤ የሚጠቀምበት ግን እሁድ ዕለት የሳምንቱን መግዣ በእጁ የያዘ ሰው ነው። የቀን ሥራ የሚሠራ ሰው የሚገዛው የዛሬን ነው።

ስለዚህ ከቤታችን በታች ያለው ጉሊት ቀረልን። ቲማቲሙ ማዳበሪያ ላይ በመደብ በመደብ ተደርድሯል፤ ሦስቱ ጠንካራ፣ አራተኛው ከሥር የተቀመጠ ለስላሳ። አንድ ቀን መደቡን ባለሱቁ ጋ ወስጄ አስመዘንኩት። ሒሳቡን ስሠራው እማዬ በኪሎ ከሚገዛው ሰው የበለጠ እየከፈለች ነው። ይህ ከልቤ ያናድደኛል። ሻጯ ላይ አይደለም፣ እሷም የምታተርፈው የዕለት ጉርሷን ነው። የሚያናድደኝ ገንዘብ ያነሰው ሰው ለአንዱ ቲማቲም አብልጦ መክፈሉ ነው።

ከሁሉም የሚረክሰው ጎመኑ ነው። ትናንት እማዬ አንዱን እስር አነሳችና ቅጠሉን ገልበጥ አድርጋ አየችው። ሰፊ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጠብታ ያረፈበት፣ ያማረ ጎመን ነው።

«ከየት የመጣ ነው የእኔ ልጅ?»

«እኔ እንጃ እማማ፣ የሚያመጡልን ሌሊት ነው። እኛም ቤት የምንበላው ከዚሁ ነው።» ልጇ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል።

እኔ ደግሞ አቃቂ ወንዝ ትዝ አለኝ። የከተማው ፍሳሽና የቆዳ ፋብሪካው ዝቃጭ የሚገባበት ውኃ ነው፤ በዳርቻው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማበታል። ተመራማሪዎች ደጋግመው ለክተው እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ቅጠሉ ውስጥ አግኝተዋል። ሥሩ ከአፈሩ ስቦ ያስገባው በማጠብም በመቀቀልም ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ይኸኛው እስር ከዚያ ይምጣ ከሌላ ቦታ ማን ያውቃል? ሻጯም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም።

እማዬ ከፍላ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው። «ይኸው፣ ሐኪሟ ያለችውን ልሥራ» አለች፤ ደስ ብሏት ነበር። ማታ ሦስት ጊዜ አጠበችው። አጠገቧ ቆሜ ውኃ እየቀዳሁላት ምንም አላልኩም።

ነገም ጉሊት መውረዷ አይቀርም። ልንገራት? ብነግራትስ፣ ጎመኑን አስትቼ በምትኩ ምን ላቀርብላት ነው?