በፊፋ ፓስ መጫወት ተማርኩ፤ ስለ ጆይስቲኩ ግን ማንም አልነገረኝም

አዲስ አበባ ውስጥ ፕሌስቴሽን ቤት ገብቶ ፊፋ የሚባለውን የእግር ኳስ ጌም የተጫወተ ሰው የተለመደውን አጨዋወት ያውቀዋል። ኤምባፔ ያለበት ቡድን ይመረጣል። ኳስ እንደተገኘ ጆይስቲኩ ላይ ትሪያንግል ይጫናል፣ የመሮጫው ቁልፍ አር ቱ ተይዞ ይሮጣል። ጎል ይገባል። ይሠራል፣ አልክድም። እኔን ግን ሰለቸኝ። ከበረኛው ጀምሬ እየተቀባበልኩ፣ ተጋጣሚዬን እያስሮጥኩ ማሸነፍ ፈለግኩ። አሁን እንደዚያ ነው የምጫወተው፣ እኮራበታለሁም። ግን ብዙ ብርና ብዙ ንዴት ያስከፈለኝ አንድ ነገር አለ። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው ይህን የምጽፈው።

ፊፋ የምለው ከልማድ ነው። ከፊፋ 23 በኋላ ጨዋታው ኤፍሲ ተብሏል፤ በየሰፈሩ ግን አሁንም ፊፋ ነው።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። ኤክስ አጭር ፓስ ነው። ትሪያንግል ወደ ክፍት ቦታ ይልካል። አር ዋን ይዛችሁ ኤክስ ስትጫኑ ጠንከር ያለ የመሬት ፓስ ይወጣል። ኤል ዋን ይዛችሁ ኤክስ ስትጫኑ ያቀበለው ተጫዋች ራሱ ወደ ፊት ይሮጣል። ኤል ዋንን ብቻ ነካ ካደረጋችሁ ደግሞ ሌላው የቡድን ጓደኛ ሩጫ ይጀምራል። ይሄ ቶሎ ይለመዳል። ሜዳው ላይ ቀስት እየሳለ «ይህን ተጫን» የሚለውን አሰልጣኝ ግን ከሴቲንግ አጥፉት። ለጀማሪ ይጠቅማል ተብሎ የተሠራ ነው፣ ፓስ ለሚማር ሰው ግን ጉዳቱ ያመዝናል። ማን ነፃ እንደሆነ በራሱ ዓይን የሚፈልግ ሰው ነው ፓስ የሚችለው፤ ቀስቱ ያንን ሥራ ይነጥቃችኋል።

ትልቁ ለውጥ የመጣልኝ ኳሱ ሳይደርስ መወሰን ስጀምር ነው። ኤፍሲ 24 ላይ ማንቸስተር ሲቲን ይዛችኋል እንበል። ኳሱ ተከላካዩ ሩበን ዲያስ ጋር ነው። አማካዩ ሮድሪ መሃል ላይ ፊቱን ወደ ዲያስ አዙሮ ይጠብቃል። ብዙ ሰው ለሮድሪ ያቀብልና ከዚያ ማሰብ ይጀምራል። እዚያ ላይ አልቆለታል። ኳሱ ወደ ሮድሪ እየሄደ ሳለ የተጋጣሚው አጥቂ ከየት እየመጣ እንደሆነ እዩ። ከቀኝ ከመጣባችሁ ስቲኩን፣ ጆይስቲኩ ላይ በአውራ ጣት የሚገፋውን ማለቴ ነው፣ ቀድማችሁ ወደ ግራ ግፉ። ሮድሪ ኳሷን ሲነካ ሰውነቱ ዞሯል፣ በግራ ያለው ግቫርዲዮል ክፍት ነው። ኤክስ። አጥቂው ባዶ ቦታ ላይ ሮጦ ቀረ። ከዚያ ደ ብሩይነ በአማካዮቹና በተከላካዮቹ መካከል ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ሮድሪ ጀርባውን እንደሰጠ በቀጥታ ወደ ፊት ፓስ ካዘዛችሁት ግን ኳሷ የትም ትሄዳለች። ጌሙ ሆን ተብሎ እንደዚያ ነው የተሠራው። ተጫዋቹ ሰውነቱ ካልዞረበት አቅጣጫ የሚልከው ፓስ ይበላሻል፣ በደካማ እግሩ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ደ ብሩይነ በሁለቱም እግሩ እኩል የሚባል ስለሆነ ነው የምወደው። አር ቱ ተይዞ ሲሮጥም ኳሷ ከእግር ትርቃለች፤ ስለዚህ ከማቀበላችሁ በፊት አር ቱን ልቀቁ።

አሁን ወደ ሴቲንጉ። ፓስ አሲስትድ ላይ ሲሆን ጌሙ አቅጣጫውንም ጉልበቱንም ያስተካክልላችኋል። ብዙ ጎበዝ ተጫዋቾችም እዚያው ተዉት ይላሉ። እኔ አልስማማም። ቢያንስ ትሪያንግሉን ሴሚ አድርጉት፤ ሴሚ እርዳታው የሚቀንስበት ነው። አሲስትድ ለማን መስጠት እንደፈለጋችሁ ይገምታል፣ ግምቱም አንዳንዴ ያልፈለጋችሁትን ተጫዋች ይመርጣል። ሴሚ ላይ ግን ክፍተቷን ያየኋት እኔ፣ የላክሁባትም እኔ ነኝ።

ችግሬ የጀመረው እዚህ ጋ ነው።

ጓደኛዬ ቤት በሴሚ ስለማመድ ፓሴ ያምር ነበር። ፕሌስቴሽን ቤት ስሄድ ግን ያው እጅ፣ ያው ሴቲንግ፣ ኳሱ በቀጥታ ለተጋጣሚ። ተሸናፊ ይከፍላል የሚባለውን ሕግ ታውቁታላችሁ። ከፈልኩ። ደግሜ ከፈልኩ። ዙሪያዬን የቆሙት ሁሉ መካሪ ሆኑ። «አሲስትድ አድርገውና ተገላገል» ይሉኛል። የቤቱ ልጅም እንደዚያው። ሁሉም ጥፋቱን ሴሚ ላይ ጣሉት።

አንድ ቀን ተጋጣሚዬ ቡድን እየመረጠ ሳለ ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። እጄ አልነካውም። ስክሪኑ ላይ ያለው ምርጫ ግን በራሱ ወደ ቀኝ እየሄደ ነው።

ስቲኩ ይጎትት ነበር። ከስቲኩ ስር አቅጣጫን የሚለካ ትንሽ ክፍል አለ። በመታሸት ብዛት ያልቃል፣ አቧራም ይገባበታል፤ ከዚያ ማንም ሳይነካው «ወደ ቀኝ ተገፍቻለሁ» ብሎ ለማሽኑ ይነግራል። ፕሌስቴሽን ቤት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የሚታሽ ጆይስቲክ እንዲህ ቢሆን አይገርምም። የሚገርመው ማንም ግድ የማይሰጠው መሆኑ ነው። ምክንያቱ ሲገባኝ የበለጠ ተናደድኩ። አር ቱ ይዞ በቀጥታ ለሚሮጥ ሰው ትንሽ መጎተት ብዙም አይታወቀውም። አሲስትድ የሚጫወተውንም ጌሙ ራሱ ያርምለታል። የሚቀጣው አቅጣጫውን ራሱ የሚመርጠው ሰው ብቻ ነው።

ይህን አውቄም ገና አልተገላገልኩም። አንድ ቤት ውድድር አዘጋጀ፤ መመዝገቢያ አለው፣ ሽልማት አለው። የራሴን ጆይስቲክ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። የተሰጠኝን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አዘጋጁን ጠራሁት። «ወንድሜ፣ ይሄ ይጎትታል፣ ራስህ እየው።» አየው። ምርጫው ሲሄድ በዓይኑ አየው። «ለሁሉም ያው ነው፣ ተጫወት» አለኝ። የራሴን ልሰካ ስል «ከውጭ የመጣ አይፈቀድም» አለ። ተንኮል ያለበት ጆይስቲክ እንዳይገባ ነው አሉ። እሺ፣ ስጋቱ ይገባኛል። ታዲያ የቤቱን ጆይስቲኮች ፈትሾ ጤነኛ መስጠት የማን ሥራ ነው? ሰው መመዝገቢያ የሚከፍለው ለምንድነው?

ከግራ ወደ ቀኝ እያጠቃሁ ነበር። ዲያስ ኳስ ይዟል፣ ግራ ተከላካዬ ከላይ በኩል ብቻውን ነው። ስቲኩን ወደ ላይ ገፋሁ፣ ጆይስቲኩ በራሱ ወደ ቀኝ ጨመረበት። ኳሷ ሰያፍ ወጥታ ከተከላካዬ ፊት ለፊት አለፈች፣ የተጋጣሚዬ የክንፍ ተጫዋች እግር ላይ አረፈች። ጎል። ከኋላዬ የቆመ ልጅ «ይሄ ፓስ ፓስ የሚለው ነገር» ሲል ሰማሁት። ተሸንፌ ወጣሁ። አሁንም ሳስበው ያቃጥለኛል፤ ያ ጎል ከእጄ አልወጣም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ከጨዋታ በፊት ጆይስቲኩን አስቀምጡና ስክሪኑን እዩ፤ ምርጫው ወይም ተጫዋቹ በራሱ ከተንቀሳቀሰ አስቀይሩ። የሚቆየውን ጊዜ አትፈሩ፣ የሚያጉረመርመውንም ተዉት። የራሳችሁ ካላችሁ ከነኬብሉ ያዙ፤ ማሽኑ ላይ ሰክታችሁ የፒኤስ ቁልፏን መጫን ብቻ ነው። የፒኤስ 4 ኬብል የፒኤስ 5 ጆይስቲክ ላይ እንደማይገባ አስታውሱ። የራሳችሁ መጎተት ከጀመረም አትጣሉት። አቧራ ከሆነ በአየር መንፋት ይረዳል። ካለቀ ግን ስቲኩ ራሱ ይቀየራል፣ የሚጠግኑ ልጆች አሉ።

ስለ ቴሌቪዥኑም ጠይቁ። አንዳንዱ ምስሉን ለማሳመር ሲለፋ ስክሪኑ ከእጃችሁ ይዘገያል፤ ጌም ሞድ ካለው ይብራ። አንድ ንክኪ ፓስ በዘገየ ስክሪን ላይ አይሆንም።

ሴቲንጋችሁን ደግሞ በየጨዋታው ፈትሹ፤ ከእናንተ በፊት የተቀመጠው ሰው የራሱን ትቶ ይሄዳል። ውድድር ከሆነ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፦ የራሴን ጆይስቲክ መጠቀም እችላለሁ? ካልቻልኩ የቤቱን ፈትሼ መምረጥ እችላለሁ? ሴቲንጌን መቀየርስ? ደህና ቤት ይህን ሲጠየቅ አይቆጣም። አሁን የምሄድበት ቤት ያለው ልጅ የሚጎትተውን ጆይስቲክ ለይቶ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ ሲጠይቁትም ራሱ አውጥቶ ያሳያል።