ስምንት ወር የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ስማር የመዘገብኩት

ተማሪ ሳለሁ የልብን አራት ክፍሎች ሥዬ፣ የደምን ዝውውር በቃሌ ይዤ ፈተናዬን በጥሩ ውጤት አልፌያለሁ፤ ሆኖም ልቡ መምታት ያቆመ ሰው ፊቴ ቢወድቅ እጄን የት እንደማሳርፍ አላውቅም ነበር። ከስምንት ወር በፊት፣ በጎ ፈቃደኞች ቅዳሜ ቅዳሜ በሚሰጡት ነጻ ሥልጠና የተመዘገብኩት ይህ ሲያሳስበኝ ስለኖረ ነው። እንደ እኔ ከመደበኛው ትምህርት ውጭ ሙያ ለምትለማመዱ ሁሉ የሄድኩበትን መንገድ ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለፉት በሰው ቁመት በተሠራ የመለማመጃ አሻንጉሊት ላይ ነው። ይህን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1960 ለዓለም ያበረከተው አስሙንድ ሌርዳል የተባለ ኖርዌያዊ የአሻንጉሊት አምራች መሆኑን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ፤ ሐኪም ያልሆነ ሰው በያዘው ሙያ ለሕይወት አድን ሥራ ይህን ያህል መድረሱ አበረታኝ። የአንድ እጅን መዳፍ ሥር በደረት መሐል፣ በደረት አጥንት ታችኛው እኩሌታ ላይ አሳርፎ፣ ሌላኛውን እጅ ደርቦ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር በሚደርስ ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን እንደሚገባ በቃል መናገር ቀላል ነው። እጄ ግን ይህን ለመቀበል ጊዜ ወሰደበት። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ክርኔ ይታጠፋል፣ ጥልቀቱም ይቀንሳል። ከዚህ የባሰው ስሕተቴ በእያንዳንዱ ጭነት መካከል ክብደቴን ከደረቱ ላይ ሙሉ በሙሉ አለማንሣቴ ነበር፤ ደረት ወደ ቦታው ካልተመለሰ ደግሞ ልብ በሚገባ በደም አይሞላም። አሠልጣኛችን ትከሻዬን ከእጆቼ ትክክል በላይ አድርጌ በክንዴ ጉልበት ሳይሆን በሰውነቴ ክብደት እንድጫን ካሳየችኝ በኋላ ነው የተስተካከልኩት። ረዳት ሲኖር በየ2 ደቂቃው መቀያየር የሚመከረው ለምን እንደሆነም ያኔ ገባኝ።

በሦስተኛው ወር ሥራ በዝቶብኝ ለስድስት ሳምንታት ቀረሁ። ስመለስ ፍጥነቴ በደቂቃ ወደ 90 ወርዶ አገኘሁት፤ እኔ ግን እየፈጠንኩ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። ይህ ክህሎት ካልተደጋገመ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደሚደክም የታወቀ ነው። ፈተና የሚያወጣልኝ አካል ስለሌለ ራሴን የምፈትንበት ሥርዓት ማበጀት ነበረብኝ። ስለዚህ በወር አንድ ሙሉ ቀን ከመልፋት ይልቅ በየሳምንቱ 10 ደቂቃ መድቤ፣ በደቂቃ 110 ጊዜ የሚመታ የድምፅ መቁጠሪያ ከፍቼ ጠንካራ ትራስ ላይ እለማመዳለሁ። ማስታወሻዬን ከመግለጤ በፊትም ቅደም ተከተሉን በባዶ ወረቀት ላይ ጽፌ አመሳክራለሁ። የሚጎድለኝ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው፦ ወደ ተጎጂው ከመቅረብ በፊት አካባቢው ለእኔም አደገኛ አለመሆኑን ማረጋገጥ።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዐሥር ዋና ዋና የሕይወት ክህሎቶችን ሲዘረዝር ውሳኔ መስጠትንና ውጥረትን መቋቋምን ከእነዚሁ መካከል አስቀምጧል። የሁለቱ ክብደት የታየኝ አምስተኛው ወር ላይ፣ የቡድናችን አባላት ተጎጂና መንገደኛ ሆነው ባደረጉት ልምምድ ነው። «አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ እንጂ ማንም አልተንቀሳቀሰም። በድጋሚው ልምምድ አንዷን ዓይን ዓይኗን እያየሁ በእጄ አመልክቼ፣ «አንቺ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበስሽው፣ ደውዪና መልሱን ንገሪኝ» አልኳት። ወዲያው ስልኳን አወጣች። ለእኔ ከስምንቱ ወር ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ ምክንያቱም እጅ የቱንም ያህል ቢሠለጥን ሰውን ማሰማራት ካልተቻለ ብቻን መድከም ነው።

ስለ መድማት ብዙ አልጽፍም፤ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫንና ደሙ ቆሞ እንደሆነ ለማየት ቶሎ ቶሎ አለመግለጥ ነው። ቃጠሎን ግን ባለፈው ወር በእውን ገጠመኝ። የፈላ ውሃ በእህቴ ክንድ ላይ ሲፈስ ቀለበቷንና ሰዓቷን አውልቄ ክንዷን በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ያዝኩት። የተማርኩት 20 ደቂቃ እንዲቆይ ነው። ሰዓት እያዩ ሲጠብቁት 20 ደቂቃ እጅግ ረጅም ነው፤ በአምስተኛው ደቂቃ እርሷ «በቃኝ» አለች፣ ሌሎች ቅባት ይዘው መጡ። ምክንያቱን በዝግታ እያስረዳሁ እስከ መጨረሻው ያዝኳት፤ ከዚያም ወደ ሐኪም ሄድን።

አሁን የቀረኝ የሕፃናት ክፍል ነው። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ባዕድ ነገር ሲያንቀው ሆዱ አይጫንም፤ 5 ጊዜ ጀርባው ይመታል፣ ካልወጣለት ደግሞ 5 ጊዜ ደረቱ ይጫናል። ይህን በትንሹ አሻንጉሊት ላይ የሞከርኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ሁለቱንም ጊዜ የሕፃኑን ራስ ከደረቱ ዝቅ አድርጌ መያዝ ዘንግቻለሁ። የሚቀጥሉትን አራት ቅዳሜዎች ለዚሁ መድቤያለሁ።