ቡና በ10 ቀን፣ መብራት በድንገት

ጅማ ላይ ክረምት ሲገባ ጌም የሚመረጠው በግራፊክስ አይደለም፤ በሴቭ፣ ማለትም የደረስክበትን በሚያስቀምጥበት መንገድ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ አይታመንም። ነጎድጓዱ ገና ጅሬን ኮረብታ ላይ ሲያጉረመርም መብራቱ እዚህ ታች ብልጭ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ የዘንድሮውን ክረምት ጌሞች የመዘንኳቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ መብራት በዚህች ደቂቃ ቢጠፋ ስንት ደቂቃ ልፋት ውኃ በላው? ታሪኩ፣ ሙዚቃው፣ ሥዕሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ላፕቶፕ ያለው ሰው ባትሪው ይሸከምለታልና ፈገግ ብሎ ያንብበው፤ ነገሩ የሚያሳስበው ዴስክቶፕና ፕሌይስቴሽን ያለንን ነው።

ብዙውን ሰዓት የወሰደው ስታርድው ቫሊ ነው። ኤሪክ ባሮን የሚባል አሜሪካዊ ኮዱንም፣ ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም ለአራት ዓመት ተኩል ያህል ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የእርሻ ጌም ነው። በጌሙ ውስጥ ቀኑ 6:00 ላይ ይጀምራል፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት መሆኑ ነው። 2:00 ሲል፣ ማለትም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ገበሬው አልጋው ላይ ካልተገኘ ባለበት ተዝለፍልፎ ይወድቃል፤ ከገንዘቡም 10 በመቶ ይቀነስበታል፣ ቅጣቱ ግን ከ1000 ወርቅ አይበልጥም። የጌሙ 10 ደቂቃ በእኛ 7 ሰከንድ ገደማ ስለሆነ ሙሉው ቀን 14 ደቂቃ ይፈጃል።

ሴቭ የሚያደርገው ገበሬው ሲተኛ ብቻ ነው። ሌላ መንገድ የለውም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል፤ ለእኛ ግን ኪሳራው የታወቀ መሆኑ ጥሩ ነው፦ መብራት ሲጠፋ የሚሄደው ቢበዛ 14 ደቂቃ ነው። ጅሬን በደመና ከተሸፈነ በጌሙ ውስጥ እኩለ ቀንም ቢሆን ወደ ቤት ሮጦ መተኛት ያዋጣል። ግማሽ ቀን የባከነ ይመስላል፣ ነገር ግን ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሲለፉ ውለው ያገኙትን ወርቅና ብረት ከማጣት ይሻላል። እቃ ሳጥን ወይም ሜኑ ሲከፈት ሰዓቱ ይቆማል፤ መብራቱ ላይ ግን ይህ አይሠራም።

አደጋው ያለው ራሱ ሴቩ እየተጻፈ ባለባት ቅጽበት ነው። መብራቱ ልክ በዚያች ሰከንድ ከሄደ ፋይሉ ይበላሻል፤ ጌሙ ሲከፈት እርሻው ወይ ከዝርዝሩ ይጠፋል ወይ አልከፈትም ይላል። ወዲያው ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ ላይ የሴቭ ፎልደሩ ሲከፈት ከዋናው ፋይል ጎን ‹ኦልድ› የሚል ቅጥያ ያለው ተመሳሳይ ፋይል ይገኛል፤ የትናንቱ ቀን ቅጂ ነው። ፋይሎቹ ሁለት ጥንድ ናቸው፣ አንዱ የእርሻው ስም ያለው ትልቁ ፋይል፣ ሌላው ሴቭ ጌም ኢንፎ የሚባለው ትንሹ። መጀመሪያ ፎልደሩን በሙሉ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ። ከዚያ የተበላሹትን ሁለቱን አውጥታችሁ ከኦልዶቹ ላይ ቅጥያውን ከነሰረዙ አጥፉ። አንዱን ብቻ ቀይሮ ሌላውን መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ያኔ ዝርዝሩ ላይ የሚታየው ቀንና እርሻው ውስጥ ያለው ቀን አይገጥሙም።

ቡናው ደግሞ የጅማን ሰው ያስቃል። በጅማ ዞን፣ ጎማና ሊሙ ወረዳዎች ላይ ችግኝ ተተክሎ ፍሬ እስኪያሳይ ሦስትና አራት ዓመት ይጠበቃል፤ እዚህ ጌም ላይ 10 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ 4 ፍሬ ይሰጣል፣ አልፎ አልፎም ይመርቃል። ጥላ ዛፍ አይፈልግም። አይሰጣም፣ አይፈለፈልም፣ አይቆላም፣ አይወቀጥም፦ 5 ፍሬ በርሜል ውስጥ ይጨመራል፣ በጌሙ ሰዓት አቆጣጠር ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ በእኛ ደቂቃ ተኩል ሳይሞላ፣ የተፈላ ቡና ሆኖ ይወጣል። የጠጣው ገበሬ ለ1 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ይፈጥናል። ሦስት ቡና አንድ ላይ ሲደረግ ደግሞ ኤስፕሬሶ ሆኖ 4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ያስሮጣል። አቦል፣ ቶናና በረካን በአንድ ሲኒ ጨልጦ የመነሳት ያህል ነው፤ በእኛ ቤት እንዲህ የሚያደርግ እንግዳ ሁለተኛ አይጠራም።

ከሁሉ የገረመኝ ወቅቱ ነው። በጌሙ ቡና የሚያፈራው በስፕሪንግና በሰመር ብቻ ሲሆን ፎል በገባ በመጀመሪያው ቀን ደርቆ ይገኛል። ፎል እንግዲህ የፈረንጆቹ መከር ነው፣ ከሞላ ጎደል የእኛ ጥቅምትና ኅዳር፤ ጅማ ዙሪያ እሸት ቡናው ቀልቶ ቅርጫት የሚሞላበት ጊዜ! ለማንኛውም ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ወቅት 28 ቀን ነው። ስፕሪንግ 1 ላይ የተተከለ አንድ እግር ቡና መጀመሪያ የሚለቀመው ስፕሪንግ 11 ላይ ነው፣ እስከ ሰመር 27 ድረስም 23 ጊዜ ይለቀማል። 23 በ4 ሲባዛ 92 ፍሬ፣ ማለትም 18 ቡና። ፍሬው ጥሬውን ቢሸጥ አንዱ 15 ወርቅ ስለሆነ አምስቱ 75 ያወጣሉ፤ ተፈልቶ ሲሸጥ ግን 150 ነው። ስለዚህ ጥሬውን መሸጥ ሞኝነት ነው፣ በርሜል እስካለ ድረስ። በርሜል ለመሥራት የእርሻ ደረጃ 8 መድረስ ይጠይቃል፤ ዕቃው 30 እንጨት፣ አንድ የመዳብና አንድ የብረት ጡብ፣ አንድ የኦክ ሙጫ ነው። ሁሌ የሚያጥረው ሙጫው ነው፤ መቅጃው ኦክ ዛፍ ላይ ቀደም ብሎ ካልተሰቀለ ሰው ቡናውን በሳጥን ይዞ ሲጠብቅ ይከርማል።

የመጀመሪያዋን ፍሬ ማግኘት ነው ጣጣው። ዓርብና እሑድ ጫካው ጋ የምትቆመው ተጓዥ ነጋዴ አንዳንዴ በ2500 ወርቅ ትሸጣለች። ካልሆነ ማዕድን ጉድጓዱ ውስጥ ከ41ኛው እስከ 79ኛው ፎቅ ጥላሸት የመሰሉ የሚዘሉ ፍጥረቶች አሉ፤ ከመቶ አንዱ ቡና ይጥላል። አንዷ ከተገኘች ፍሬው ራሱ ዘር ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ለቀማዎች ሳይሸጡ መልሶ መትከል ነው። ግን ከሰመር 18 በኋላ መትከል ከንቱ ነው፤ አንዴም ሳይለቀም ፎል ይደርስበታል። የሚያፋጥነውን ማዳበሪያ በተመለከተም ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ የሚያሳጥረው የመጀመሪያዎቹን 10 ቀናት ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለችውን የሁለት ቀን ልዩነት አይነካትም። ውኃ ማጠጣቱ በአንድ ጉድጓድ 2 ጉልበት ይበላል፣ ጀማሪው ያለው 270 ነው። ስለዚህ ዙሪያውን 8 ጉድጓድ የሚያጠጣውን ሁለተኛውን ማጠጫ ሳይሠሩ 60 እግር ቡና መትከል በቀን 120 ጉልበት መጣል ነው። በጌሙ ዝናብ የዘነበ ቀን ግን ማጠጣት የለም፤ ቀጥታ ወደ ማዕድን ጉድጓዱ መውረድ።

ሁለተኛው ሆሎው ናይት ነው፣ አደሌይድ፣ አውስትራሊያ ያለው ቲም ቼሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው። የጥንዚዛና መሰል ነፍሳት መንግሥት ፍርስራሽ ውስጥ የሚዞር ትንሽ ተዋጊ። እዚህ ማረፊያው አግዳሚ ወንበር ነው፤ ተቀምጠህ ጤናህ ይሞላል፣ ካርታህ ይታደሳል፣ ሴቭ ይሆናል። ጅማ ቢሠራ ኖሮ ባለሦስት እግር በርጩማ ይሆን ነበር። መብራት ሲጠፋ ከመጨረሻው ሴቭ ወዲህ ያለው ይሄዳል፣ ወንበርና ወንበር ደግሞ የሚራራቁበት ሰፈር አለ። ሰማዩ ከከበደ ከሜኑው ሴቭ አድርጎ መውጣት ይሻላል፤ የሰበሰብከው ሁሉ ይቀመጥልሃል፣ ስትመለስ ግን መጨረሻ የተቀመጥክበት ወንበር ላይ ነው የምትነሳው።

ካርታው ያደናግራል። ካርታውን መግዛት ብቻ አይበቃም፤ አዲስ ያየኸው ክፍል እንዲሳል ከሱቁ ብዕሩን መግዛት፣ ከዚያም ወንበር ላይ መቀመጥ ያስፈልጋል። ያለህበትን ነጥብ የሚያሳየው ኮምፓስ ሌላ ግዢ ነው። ሰው ሦስቱን ሳያሟላ ጌሙን ይሰድባል።

ውጊያው ሒሳብ ነው። አንድ ምት 11 ሶል (የመፈወሻ ኃይል) ያስገኛል፣ አንድ ጭንብል፣ ማለትም አንድ ሕይወት፣ ለመጠገን 33 ይከፈላል፤ ስለዚህ ሦስት ምት አንድ ሕይወት ነው። የሶሉ ዕቃ ሲሞላ 99 ይይዛል። ጥገናው ግን ከአንድ ሰከንድ በላይ ቆሞ ቁልፉን መያዝ ይፈልጋል፣ ጀማሪ የሚሞተውም እዚያች ሰከንድ ላይ ነው። ፎልስ ናይት የሚባለውን የመጀመሪያውን ትልቅ ጠላት ብናይ፦ ይዘላል፣ መዶሻውን መሬት ላይ ያሳርፋል፣ ከመዶሻው ማዕበል በመሬት ላይ እየተንከባለለ ይመጣል። ሲዘል ከሥሩ አልፎ ከጀርባው መገኘት፣ ማዕበሉን መዝለል፣ ሁለት ምት፣ መሸሽ። ሦስተኛ ምት የሚያስጎመጀው ነው የሚያስገድለው። ጋሻው ተከፍቶ ከውስጥ ትሉ ሲወጣ ቸኩሎ መፈወስ አያስፈልግም፤ ያኔ የተመታ ምት ሁሉ ነጻ ነው፣ ሶሉም ይሞላል። ከሞትክ ገንዘብህን ጥላህ ይዞት ይቀራል፣ የሶል ዕቃህም ይሰነጠቃል፤ ሄደህ ጥላውን ሳትገድል ሁለተኛ ከሞትክ ገንዘቡ በቃ፣ ተረሳ።

የእግር ኳስ ጌሙን፣ ፊፋን፣ በአጭሩ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ስሙ ኤፍሲ ሆኗል፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ግን ሁሉም አሁንም ፊፋ ነው የሚለው። ጎል የሚቆጠርባቸው ልጆች ስሕተታቸው አንድ ነው፦ ክብ ቁልፏን ይቀጠቅጣሉ። ተከላካይ እግሩን አንዴ ከዘረጋ ታልፏል። ኤል2 ተጭኖ ፊት ለፊት እያዩ ወደኋላ ማፈግፈግ፣ አር1 ይዞ ጓደኛውን ማስጠጋት፣ ክቧን አጥቂው ኳሱን ከእግሩ ሲያርቅ ብቻ መንካት። ቴሌቪዥኑም ጌም ሞድ ላይ ካልሆነ ምስል ማሳመሪያው ያዘገየዋል፣ ጥፋቱ የጣት ይመስላል።

አናሎጉ (በአውራ ጣት የሚገፋው ዘንግ) በራሱ የሚሄድ ጆይስቲክ የዚህ ሁሉ ጠላት ነው። የፒኤስ4 (ፕሌይስቴሽን 4) ጆይስቲክ አናሎግ ሥር የካርቦን ሽፋን ላይ የሚንሸራተት መጥረጊያ አለ፤ ሽፋኑ ሲበላ ዱቄቱ እዚያው ይቀርና የውሸት ምልክት ይልካል። ከኋላ 4 ቪቴ በባለመስቀል ካቻቢቴ ይፈታል። የጀርባውን ክዳን በኃይል መንጠቅ አይገባም፣ ሁለቱን ግማሾች የሚያገናኝ ቀጭን ሪባን ኬብል አለ። ባትሪውን ነቅሎ ንጹሕ አልኮል አንድ ሁለት ጠብታ አንጠባጥቦ አናሎጉን ማዞር፣ ማድረቅ። ይህ ሳምንታት ይገዛል እንጂ አይፈውስም፣ የተበላ ካርቦን አይመለስምና። መቀየር ከሆነ ቦርዱ ላይ የተበየዱ 14 ነጥቦችን አቅልጦ መፍታት ነው። የመሬቱ (ግራውንድ) እግሮች ሙቀቱን ስለሚጠጡ ቶሎ አይቀልጡም፤ እዚያ ላይ የሚታገል ሰው ቦርዱን ይገነጥላል። አዲስ ባለ እርሳስ ሊድ (የመበየጃ ሽቦ) ጨምሮበት ከአሮጌው ጋር ቢቀላቀል በዝቅተኛ ሙቀት ይለቃል። ማግኔት የሚጠቀመው የሆል ዓይነት አናሎግ ከተገኘ የሚፋተግ ነገር ስለሌለው ዋጋውን ጨምሮ መግዛት ይሻላል።

መብራት ከጠፋበት በኋላ ፒኤስ4 ሲነሳ ሃርድ ዲስኩን ይመረምራል። ካላለፈ ከጠፋበት የማብሪያውን ቁልፍ 7 ሰከንድ ያህል ሁለተኛው ድምፅ እስኪሰማ መያዝ፣ ጆይስቲኩን በኬብል ማገናኘት፣ ከዝርዝሩ 5ኛውን፣ ዳታቤዙን እንደገና የሚገነባውን፣ መምረጥ። 6ኛውንና 7ኛውን አትንኩ፣ ሁሉንም ያጠፋሉ። ብርቱካናማ መብራት ያለበት እንቅልፍም መጥፋት አይደለም፤ መብራት ሲሄድ ያው ነው። ባለ 650 ቮልት አምፔር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ሣጥን) ውስጥ ያለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በወረቀት 84 ዋት ሰዓት ነው፣ ቲቪና ፒኤስ4 ሲጎትቱት ግን ሩብ ሰዓት ከቆየ ጥሩ ነው። ጨዋታውን ጨርሶ ማጥፊያ እንጂ መጫወቻ አይደለም።

ሲልክሶንግን፣ የሆሎው ናይትን ተከታይ፣ መስቀል እስኪያልፍ አቆይቼዋለሁ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 4 ቀን 2025 ወጥቷል፤ እዚያ ጥገናው 9 ሐር (በሶል ፋንታ ያለው) በአንዴ በልቶ 3 ጭንብል ይመልሳል፣ ብዙ ከባድ ጠላት ደግሞ በአንድ ምት 2 ይወስዳል። ገንዘቡ መቁጠሪያ ነው። አንዳንዱ አግዳሚ ላይ ለመቀመጥ እንኳ መቁጠሪያ ይከፈላል፣ ሴቭ ለማድረግ።