ፊሽካ

ዛሬ ከለገሃር ወደ ስታዲየም ስታጠፍ ፊሽካ ተነፋብኝ። ዳር ያዝኩ፣ ሄልሜቴን አወለቅኩ። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ወዲህ አዲስ አበባ ላይ ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት ስለተከለከለ፣ ወረቀቴን እንደ ክታብ ነው ይዤ የምዞረው። ትራፊኩ አየ፣ መለሰልኝ፣ «በል ሂድ ወንድሜ»። በቃ።

አምና ካምፓላ ላይ ግን ጉድ ሆኜ ነበር። እዚያ በግራ ነው የሚነዳው። በኪራይ ሞተር ከአንድ አደባባይ ስወጣ፣ እጄ እንደለመደው በቀኝ በኩል ሰተት! ነጭ ዩኒፎርም የለበሰች ትራፊክ አስቆመችኝ። ፓስፖርቴ ሆቴል ቀርቷል። የመሥሪያ ቤት መታወቂያዬን ሰጠኋት። (ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ።)

ገለበጠችው። «ይሄ እኮ ጊዜው ካለፈ ዓመታት ሆኖታል» አለች፣ በጣቷ ቀኑን እየነካች።

ለካ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። እዚያው አስፋልት ዳር፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ ስለ 13 ወርና ስለ ጳጉሜ ማስረዳት ጀመርኩ። ቦዳ ቦዳ (የሞተር ታክሲ) ነጂዎች ከበቡን። አንዱ «ታዲያ አንተ ስንት ዓመትህ ነው?» ሲል እሷም ሳቀች።

ቅጣቱን ግን እየሳቀች ጻፈችው።