ፕላኑ ተመልሷል

ነሐሴ 10።

የቤታችን ፕላን ዛሬ ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ ገባ። ሁለቴ ተመልሷል። በመጀመሪያው አንድ ፊርማ ጎድሎ ነበር፤ እሱን ልተወው። ሁለተኛው ግን መጻፍ አለበት። ያኔ በንዴት የተናገርኩትን አሁን አንድ በአንድ እየዋጥኩት ነዋ።

ቦታውን ያገኘነው በማኅበር ነው። መምህራን ሆነን ተደራጀን፤ ገንዘቡን በዝግ ሂሳብ አስቀመጥን፤ ከዚያ ጠበቅን፣ ጠበቅን፣ ጠበቅን። ዕጣ ሲወጣ 150 ካሬ ደረሰኝ። በሊዝ ነው፤ ለመኖሪያ 99 ዓመት። እማ ይህን ስትሰማ፣ "ከዚያስ በኋላ?" አለችኝ።

"ከዚያ በኋላማ አንቺም እኔም የለን።"

"የልጅሽ ልጅ ትኖር የለ?" አለችና ወደ ጀበናዋ ዞረች። እማ እንዲህ ናት። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ሲል እሷ የሚቀጥለውን ትጠይቃለች።

ቦታው ደሴ ዳር ላይ ነው። ቁልቁለት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቶሳ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ሜዳ ሜዳውን የቀደሙት ሰዎች ይዘውታል። ለእኛ የቀረን ዳገቱ ነው። ቀያሹ ችካሎቹን አስረክቦን ሲሄድ ባለቤቴ ገመድና ሜትር ይዞ ለካው። ከላይኛው ችካል እስከ ታችኛው 15 ሜትር ነው፤ በዚያ ላይ ከሁለት ሜትር በላይ ይወርዳል። ታችኛው ችካል ጋ ቆሜ ወደ ላይ ሳይ፣ የላይኛው ችካል ከራሴ በላይ ነው።

እማ የመጀመሪያ ቀን መጥታ አየችው። ዞር ዞር አለች። አፈሩን በዘንጓ ወጋ ወጋ አደረገች። "ውሃው በየት ነው የሚሄደው?" አለች። ቆላ ደጋ የማይል የመጋቢት ፀሐይ ነበር፤ ጠብታ ውሃ የለም። "የምን ውሃ እማ?" ብዬ ሳቅኩ።

ፕላኑን ያሠራነው ሰው በሰው ካገኘነው ድራፍተር፣ ማለት ፕላን ከሚስል ሰው ነው። ርካሽ ነበር፤ ቶሎም ጨረሰ። ሳሎን፣ ኩሽና፣ ሁለት መኝታ፣ ሁለት ሽንት ቤት። ወረቀቱ ያምራል። ዛፍ ሁሉ ስሎበታል። ምን ያህል ቶሎ እንደጨረሰ የገባኝ ኋላ ነው፤ የሳኒተሪው (የውሃና የፍሳሽ መስመሩ) ወረቀት ጥግ ላይ የሌላ ሰው ስም ሳይጠፋ ቀርቶ ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ተጠራሁ። የተቀበለኝ ባለሙያ ተማሪዬ ሊሆን የሚችል ልጅ ነው። ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ "መምህር፣ ይሄ ቤት ሜዳ ላይ ነው ያለው" አለኝ።

"የእኛ ቦታ እኮ ቁልቁለት ነው።"

"እኔም እሱን ነው የምልዎት።"

ቤቱ ከጎን የተቆረጠበትን ሥዕል አሳየኝ፤ እነሱ ሴክሽን ይሉታል። መሬቱ በማስመሪያ የተሰመረ ነው። ቀጥ ያለ። በቀይ እስክሪብቶ ሁለት መስመር ጻፈበት፦ የተፈጥሮ መሬቱ ይታይ፤ የጎርፍ ውሃ መውጫው ይታይ።

እኔ ደግሞ ማታ አዋጅ አንብቤ ነው የሄድኩት። የመምህር ነገር። ያነበብኩት የሕንፃ አዋጅ 624/2001 ሕንፃን በሦስት ምድብ ይከፍል ነበር። ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ መኖሪያ ቤት ምድብ ሀ ነበር፤ ከሁሉ ቀላሉ። ምድብ ሐ ውስጥ የሚገባው ከ12 ሜትር በላይ የሆነው፣ ፋብሪካው፣ የሕዝብ መገልገያው ነበር። "የእኔ እኮ ምድብ ሀ ነው! ይሄ ሁሉ ለምን?" አልኩት። ድምፄ ሳይታወቀኝ ከፍ ብሏል። ወረፋ ያለው ሰው ዞሮ አየኝ።

ልጁ አልተቆጣም። "ምድቡ የሚለየው ቤቱን ነው፤ መሬቱን አይደለም" አለኝ።

ወጥቼ ታክሲ እስክይዝ ድረስ ስረግመው ነበር። ቤት ገብቼም አልበረደልኝም። እማ ጨርሼ እስክናገር ጠበቀችኝ። "ታዲያ ምንድን ነው ያለሽ?"

"ውሃው በየት ነው የሚሄደው ነው የሚለው።"

እማ ምንም አላለችም። አለመናገሯ ባሰብኝ።

እማ ያደገችው ኩታበር በኩል ነው፤ የጭቃ ቤት ውስጥ። የጭቃ ቤት ከላይ በሚመጣ ዝናብ አይፈርስም ትላለች፤ ክዳኑ ደህና ከሆነ። የሚፈርሰው ከእግሩ ነው። ከዳገቱ የወረደው ውሃ ከጓሮ ግድግዳው ሥር ሲተኛ፣ ምርጉ ይርሳል፣ ማገሩ ይበሰብሳል። አባቷ ሰኔ ሊገባ ሲል ዶማ ይዞ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ቦይ ሳይጠርግ ወደ እርሻው አይሄድም ነበር። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! አንድም ቀን ስለ ቤት ነው ብዬ አልሰማሁትም። ስለ አያቴ ጉብዝና ይመስለኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት ደሴ ላይ ዝናቡ ተንደቀደቀ። መብራት ጠፋ። እማ ላስቲክ ተከናነበችና "ተነሺ" አለችኝ።

ሄድን። ባለቤቴ ቦት ጫማ፣ እኔ ጃንጥላ፣ እማ ላስቲኳን። ከላይ ካለው ጎረቤት አሸንዳ የሚወርደው ውሃ ላይኛው ችካል ጋ ያርፋል። ከዚያ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ጎኑን ሰጥቶ በማዕዘን ይቆርጣል። ቡና መስሎ፣ አረፋ ይዞ። የሚያልፈው ፕላኑ ላይ የልጄ መኝታ ቤት በተሳለበት ቦታ ነው። ልክ አልጋዋ ባለበት።

እማ የባሕር ዛፍ ጭራሮ እየሰበረች ውሃው በሄደበት ተከለች። ሰባት እንጨት። ዝናቡ ሲያባራ ከችካሎቹ እስከ እያንዳንዱ እንጨት ለክተን ደብተር ላይ ጻፍን። ደብተሩ የተማሪ ውጤት መመዝገቢያዬ ነው፤ ሌላ አልያዝኩም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌላ ባለሙያ ፈለግን። ወጣት ሴት መሐንዲስ ናት። ክፈሉኝ ያለችው ከፊተኛው በጣም ይበልጣል፤ ግን ቦታውን ሳላይ እርሳስ አላነሳም አለች። ጉድጓድ አስቆፈረች። ከላይ ያለው ጥቁር አፈር ነው፤ በዝናብ የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ። መሠረቱ እሱን አልፎ ጠንካራው ላይ መድረስ አለበት አለች። ቤቱን ለሁለት ከፈለችው፤ ሳሎንና ኩሽና ከላይ፣ መኝታዎቹ ከታች፣ መሃል አምስት ደረጃ። ዳገቱን ቆርጦ ሜዳ ከማድረግ ይሄ ይረክሳል። ከጓሮ የድንጋይ ድጋፍ ግንብ፤ ውሃ አምቆ እንዳይገፋው ቱቦ ቱቦ ያለበት። ከግንቡ በላይ ቦይ። ወደ ጎረቤት መስኮት የሚያወጣውን ግድግዳ ደግሞ ከወሰኑ 2 ሜትር አራቀችው።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥም አነሳች። እኛ የተቀመጥነው የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው። በ1953 የማጀቴን ከተማ ያፈረሰው፣ ካራቆሬንም የጎዳው ከዚህ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ብሎኬቱ ከላይም ከታችም በቢም (ፌሮ ባለው የኮንክሪት ማሰሪያ) ይታሰራል አለች፤ ባለቤቴ ሊያስቀንሳት ሲሞክር የፌሮውን ዝርዝር በእጇ ሸፈነችው።

የቀነስነው ሌላ ነው። ሁለተኛው ሽንት ቤት ቀረ። ሴራሚክ ቀረ። ባለቤቴ ወደፊት ፎቅ እንጨምርበታለን ብሎ ሲያልመው የነበረ ሶሌታም (የኮንክሪት ጣሪያው) ቀረ፤ ቆርቆሮ ይሆናል። ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን ራሱ የቆርቆሮ ዋጋ ጠይቆ መጣ።

የሳሎኑን አቅጣጫ የወሰነችው እማ ናት። ቶሳ በምዕራብ ነው፤ ከሰዓት ፀሐዩን ቀድሞ ይውጠዋል። "የጠዋቱን ካልያዝሽው ቀኑን ሙሉ ጋቢ ለብሰሽ ነው የምትኖሪው" አለች። ሳሎኑ ወደ ምሥራቅ ዞረ።

ከላይኛው ጎረቤት ጋር ደግሞ ስለ አሸንዳው መነጋገር ነበረብን። ፈርቼ ነው የሄድኩት። አዛውንት ሐጂ ናቸው። ቡና ተፈልቶ ነበር፤ ሳንቀመጥ ጉዳይ ማንሳት ነውር ሆነብን። አቦሉ፣ ቶናው አለፈ። በረካው ላይ ባለቤቴ ነገሩን ጀመረ።

"አብሽሩ" አሉን። "ውሃው የእኔ፣ መሬቱ የእናንተ። ቦዩን አብረን እናወጣዋለን።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ቅሬ ገብተሻል?" አሉኝ። ቅሬ የእኛ የወሎዎች ዕድር ነው።

"ኧረ ሐጂ፣ ቤቱ ገና ፈቃድ አላገኘም።"

"ሞት ፈቃድ ይጠብቃል እንዴ?" ብለው ሳቁ። በዚያው ሳምንት ስሜ የቅሬው መዝገብ ላይ ገባ። ቤቱን መንግሥት ሳይፈቅደው ሠፈሩ ፈቀደው።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ጊዜው ነው። ፈቃዱ መስከረም ላይ ከወጣ ዝናቡ እንዳባራ እንቆፍራለን። ወሎ በልግ አለው፤ የካቲት ላይ ሰማዩ ከዳመነ የተከፈተ መሠረት ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ መሠረቱና ድጋፍ ግንቡ እስከ ጥር ማለቅ አለባቸው። የቀረው እንደ ኪሳችን። አንድ መኝታ ተከድኖ ከገባንበት ኪራይ ይቆማል።

ዛሬ ማታ የፕላኑን ቅጂ ወለሉ ላይ ዘረጋሁት። ጫፉ እንዳይጠቀለል አንዱን ጥግ በስኒ፣ አንዱን ቆሎ ባለበት ሳህን ያዝነው። እማ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች።

"ይቺ ሰማያዊዋ ምንድን ናት?"

"ቦዩ ናት።"

በጣቷ ተከተለችው። ከሐጂ አሸንዳ ጀመረች፣ ከግንቡ በላይ ዞረች፣ በቤቱ ጎን ወረደች፣ ታችኛው ችካል ጋ ደረሰች። ጣቷ እዚያ ቆመ። ወረቀቱ ያበቃል።

"ከዚህስ?"

"ከዚህ ወደ መንገዱ ይወጣል።"

"መንገዱ ቦይ አለው?"

አላውቅም። ባለቤቴን አየሁት፤ እሱም አያውቅም።

"ከመንገዱ በታች ቤት አለ አይደል?" አለች እማ። "ሰዎቹን አነጋግራችኋል?"

ነገ ወደ ታች እንወርዳለን። እማ ላስቲኳን ከወዲሁ በሩ ላይ ሰቅላዋለች።