ሃረጎን ያለ ሃይላንድ መውረድ

«ሲቢቲ ማለት በጎ በጎውን ማሰብ አይደል?» ይሉኛል፣ ስለታከምኩበት የሥነ ልቦና ሕክምና። አይደለም። እሱንማ ወሎ ውስጥ የማይመክር የለም፤ እማ «አብሽሪ» ትላለች፣ ጎረቤት ይላል፣ የሚኒባስ ረዳት ሳይቀር ይላል። ደስ ይላል፣ ግን የሚያቆየኝ እስከሚቀጥለው ጥምዝ ድረስ ነው።

ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ፣ መሀል ሃረጎ። መኪናው ቁልቁለቱን ሲጀምር ልቤ ይደልቃል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ «በቃ ሞትኩ» እላለሁ። የልብ ምርመራው ምንም አላገኘም። እማ ዱዓ አስደረገችልኝ፤ አሚን ብያለሁ፤ ጠዋት ግን ያው ሃረጎ ነው።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ፦ «ለምን ሁልጊዜ በር ጋ ትቀመጫለሽ? ሃይላንዱስ ለምንድን ነው?»

«ካልያዝኩማ እሞታለኋ!»

«ከ100 ስንት ታምኚዋለሽ?»

«80።»

ጻፈችው። ከዚያ ደረጃውን እየሮጥኩ እንድወጣና እንድወርድ አደረገችኝ። ልቤ ልክ እንደ ሃረጎው ሲደልቅ «ይኸው ያው ምት ነው፤ አሁንስ እየሞትሽ ነው?» አለችኝ። ሳቄ መጣ።

ፍርሃት ልብን ያስሮጣል፤ ሩጫውን «ሞት መጣ» ብለን ስንተረጉመው ፍርሃቱ ይብሳል፣ ልብም ይብስበታል። ይህን አዙሪት አጥርቶ የጻፈው እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዴቪድ ክላርክ ነው፣ በ1986 እ.ኤ.አ.። የሕክምናውን መሠረት ደግሞ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ ፊላደልፊያ ውስጥ ድባቴ ያለባቸውን ሲያክም ጥሎታል። የሃይላንዱና የበር ወንበሩ ክፋት እዚህ ላይ ነው፦ በደህና በደረስኩ ቁጥር ምስጋናውን እነሱ ይወስዳሉ፤ እኔ ምንም አልማርም።

ስለዚህ ባዶ እጄን መውረድ ነበረብኝ። መጀመሪያ መናኸሪያ የቆመ ሚኒባስ ውስጥ መቀመጥ፣ ቀጥሎ ከሰው ጋር መሄድ፣ ቀጥሎ ብቻዬን መሀል ወንበር ላይ። ከመነሳቴ በፊት የምፈራውን፣ ስደርስ የሆነውን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ግን «እሞታለሁ» ከሚለው ጎን «አላበኝ፤ ደረስኩ» የሚለው ሲደጋገም ያ 80 እየወረደ ሄደ። ምቱ አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል፤ እተወዋለሁ፣ ያልፋል።

ለሁሉም እንዲህ አይደለም። ድባቴ የያዛት የአክስቴ ልጅ የጀመረችው በደብተር ሳይሆን ከአልጋ ተነስታ ጎረቤት ቡና በመጠጣት ነው፤ መድኃኒትም ጎን ለጎን ትወስዳለች።

የሹፌሩን ፍጥነት መፍራት ግን ሕመም አይደለም ተብያለሁ። ሃረጎ ላይ ስልክ እያወራ የሚነዳ ካጋጠመኝ፣ ከመሀል ወንበር ሆኜ እጮህበታለሁ።